ቆሞ ነው የነከሰው? ወይስ ሲሄድ?

ኑሮው፣ ፍቅሩ፣ የቤት ኪራዩ... ሁሉም እንደየአቅሙ ይዟችሁ እንደሰነበተ እገምታለሁ። ዛሬ እንደወትሮው «ትታኝ ሄደች»፣ «ስልኬን አያነሳም» የሚል ጥያቄ አላቀርብላችሁም። እውነቱን ለመናገር የዚህ ሳምንት ደብዳቤ እጄ ሲገባ «ይሄማ ለጋራዥ እንጂ ለእኛ ገጽ አይሆንም» ብዬ ወደ ጎን አድርጌው ነበር። ማታ ላይ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነስቼ ደግሜ አነበብኩት። ነገሩ የመኪና ይምሰል እንጂ የቤተሰብ ነው፤ ቀኑም የተቆረጠ ነው። ስለዚህ እነሆ።

ደብዳቤው የመጣው ከወደ ራያ ነው፤ ከዋጃ። ዋጃን ለማታውቁ፣ ከወልድያ ተነስታችሁ ቆቦን አልፋችሁ ወደ አላማጣ ስትገሰግሱ በዋናው መንገድ ላይ የምታገኟት፣ ፀሐይዋ አናት የምትበሳ፣ ማሽላዋ ሰው የሚውጥ የቆላ ከተማ ናት። ጠያቂያችን የ24 ዓመት ወጣት ነው። ስሙን እንዳናወጣ ለምኖናል፤ ባይለምነንም አናወጣም። ደብዳቤውን አሳጥሬ ላቅርበው፦

«አባቴ መምህር ነበሩ። በሕይወታቸው የገዟት አንድ መኪና ብትኖር ሰማያዊዋ 1300 ቮልስ ናት። እኛን ትምህርት ቤት የሚያመላልሱን፣ የጎረቤት ሴት ምጥ ሲይዛት በሌሊት ቆቦ የሚያደርሱት በእሷ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ታመሙና በገዛ እጃቸው ነድተው ጓሮ አቆሟት። በዚያው አረፉ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ባትሪዋ ተወሰደ፣ ጎማዋ በሰበሰ። እናቴ ሰው እንዳያያት ብለው በማሽላ አገዳ ሸፍነዋት ኖሩ። ዘንድሮ ባትሪ ገዝቼ ቁልፍ ብዞር «ጧ!» አለችና ዝም። ሞተሩ ንቅንቅ አይልም። ወንድም ጋሼ ያለው አዲስ አበባ ነው። <ብረት የሚገዙ ሰዎች አነጋግሬያለሁ፤ ለሶለል ስመጣ ወይ ትነሳ ወይ ትሸጥ> ብሎኛል። እናቴ ይህን ከሰሙ ጀምሮ እህል በቅጡ አይቀምሱም። አይሱዙ የሚነዳ ጓደኛ አለኝ፤ <ሦስተኛ ማርሽ አስገባና ልጎትትህ፣ በግዷ ትዞራለች> ይለኛል። ለቅዳሜ ተቀጣጥረናል። ላስጎትታት? ወይስ ተስፋ ልቁረጥ? እባካችሁ ምከሩኝ።»

እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው። ወንድሜ፣ ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ቅዳሜ እንዳያልፍ ብዬ በስልክ አንድ ነገር ብቻ ነግሬሃለሁ፦ አታስጎትታት! ለምን እንደሆነ ሳላስረዳህ ካርዴ አለቀብኝ። ዛሬ በሰፊው ልንገርህ። ሌሎቻችሁም ገጹን አትለፉት። ከአባት፣ ከአጎት የተረፈ መኪና፣ የወፍጮ ሞተር ወይም የውሃ ፓምፕ ጓሮው የቆመበት ሰው በዚህ አገር ብዙ ነው።

«አንተ ደግሞ ስለ ሞተር ምን አገባህ?» የምትሉ አትጠፉም። እውነታችሁን ነው፣ መሐንዲስ አይደለሁም። 12ኛ ክፍል ጨርሼ ቀጣዩ ነገር ሲጠፋኝ ደሴ ውስጥ አንድ ጋራዥ ገብቼ ሁለት ዓመት ያህል ዕቃ በናፍጣ ሳጥብ፣ ቁልፍ ሳቀብል ኖሬያለሁ። የጋራዡን ስም አልጠራም። አንድ ቀን ለዓመታት የቆመ አሮጌ ፒካፕ ተጎትቶ መጣ። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው። ሞተሩ ነክሷል። ዋናው መካኒክ ቴስታታውን አወረደና «የብረቱን መዶሻ አምጣ» አለኝ። አመጣሁ። ሦስት ጊዜ መታው፤ አልተነቃነቀም። በአራተኛው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማን። የፒስተኑ ራስ ተሰንጥቆ ስብርባሪው ሲሊንደሩን ቧጨረው። ሽማግሌው ምንም አልተናገሩም፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ዝም ብለው ቆሙ። መዶሻውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያ ዕዳ ነው ብትሉኝ አልቀየምም።

ዋናው ጥያቄ

ጋራዥ ውስጥ «ሞተሩ ነከሰ» የሚባለው ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ «አልወጣም፣ አልወርድም» ሲል ነው። ሐኪም «መቼ ጀመረህ?» ብሎ እንደሚጠይቅ፣ እዚህም የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሲሄድ ነው የነከሰው? ወይስ ቆሞ?

ሲሄድ የነከሰ ሞተር ብዙውን ጊዜ ዘይት ያለቀበት ወይም ከልክ በላይ የጋለ ነው። ፒስተኑ አሉሚኒየም ነው፤ ሲግል ከብረቱ ሲሊንደር የበለጠ ያብጥና ግድግዳውን እየፋቀ ይለጠፍበታል። ወይም ደግሞ ብሮንዚናው ክራንክ ሻፍቱ ላይ ይጣበቃል። እንዲህ ያለውን ዘይት አፍስሶ መጠበቅ አያድነውም፤ ሞተሩ ተከፍቶ የተበላው ዕቃ መቀየር አለበት። የድሮ ቮልስ ላይ በዚህ መንገድ ቀድሞ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ሲሊንደር ነው። የዘይት ማቀዝቀዣው ከማራገቢያው በሚመጣው አየር መንገድ ላይ ተገትሮ ስለሚቆም ሦስተኛው የሚደርሰው ንፋስ ያንሳል። በራያ ሙቀት ምን እንደሚሆን አስቡት!

ቆሞ የነከሰ ሞተር ግን ሌላ ነው። ጥፋቱ የዝገት ነው። ሲሊንደሩና ፒስተኑን የሚያቅፉት ፋሻዎች ብረት ናቸው። እርጥበት ሲያገኛቸው ይዝጋሉ። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ በፋሻውና በግድግዳው መካከል እንደ ሽብልቅ ይቀረቀራል። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር የትም ቦታ ላይ ቢቆም ከቫልቮቹ አንዱ መከፈቱ አይቀርም። የክረምት እርጥበት በማርሚታው ወይም በካርቡራቶሩ በኩል ገብቶ ያንኑ ክፍት ያገኘውን ሲሊንደር ይበላል። ለዚህ ነው አንዳንዴ ሦስቱ ፒስተን ደህና ሆኖ አንዱ ብቻ ሞተሩን በሙሉ አስሮ የሚይዘው።

አንተ «አባቴ በገዛ እጃቸው ነድተው አቆሟት» ብለሃል። ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል፤ ክረምት ተፈራርቆባታል። እንግዲህ ቆማ ነው የነከሰችው ማለት ነው። ደግ ዜና ነው! ቆሞ የነከሰ ብዙ ጊዜ ይላቀቃል፤ የሚፈልገው ጊዜ ነው። በጉተታ ግን ይሄንን ዕድል በአንድ ደቂቃ ታበላሸዋለህ። አይሱዙው ሲጎትት ጎማው ክራንክ ሻፍቱን አስገድዶ ይገፋል፤ ፒስተኑ አልሄድም ይላል፤ መሃል ላይ ያለው ቢየላ ይጣመማል፤ ፋሻው ይሰበራል። ሞተሪኖውን ደጋግሞ ማስነሳትም እንደዚያው ነው፤ ሞተሪኖውን ታቃጥለዋለህ እንጂ ዝገቱ ምን ተዳው?

በእርግጥ ፒስተኑ ነው?

ሞተር ከማውረድህ በፊት ይህን አጣራ። ማርሹን ዜሮ አድርግ። ቺንጋውን ፍታና የዲናሞው ፑሌጃ ለብቻው የሚዞር መሆኑን እይ፤ እሱ ተይዞ ሊሆን ይችላል። ሞተሪኖውን አውርድ፤ ጥርሱ ቮላኖው ጥርስ ውስጥ ገብቶ ተቀርቅሮ ሞተር የነከሰ የሚመስልበት ጊዜ አለ። ከዚያ አራቱንም ካንዴላዎች ፍታ። ከካንዴላው ቀዳዳ ቤንዚን ወይም ውሃ ከወጣ ችግሩ ፈሳሹ ሊሆን ይችላል፤ ፈሳሽ አይታመቅምና ፒስተኑን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ማራገቢያው ሳጥን ውስጥም በባትሪ አብራና ተመልከት። በማሽላ አገዳ ውስጥ የኖረች መኪና የአይጥ ጎጆ አያጣትም፤ ባይነክስ እንኳ ሲነሳ ሞተሩን ያጋየዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የክራንክ ሻፍቱን ፑሌጃ ዳዶ በ30 ቁልፍ ስትሞክረው አሁንም ንቅንቅ ካላለ፣ እንግዲህ ነክሷል።

ከኮስሞቲክስ ቤት የሚገዛ መድኃኒት

አሁን ወደ መድኃኒቱ። ጋራዥ የሚያውቀው አንድ ድብልቅ አለ፦ ግማሽ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት (ቀዩን)፣ ግማሽ አሴቶን። አዎ፣ እህቶቻችን ጥፍር ቀለም የሚያስለቅቁበት አሴቶን! ግን ከጥፍር ማስለቀቂያው አንዳንዱ በውሃ የቀጠነ ነውና ንጹሕ አሴቶን መሆኑን ጠይቅ። ዋጃ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ኮስሞቲክስ ቤት ገብቶ «ሊትር አሴቶን» ሲል ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ እንዲያው ቻለው። ሁለቱ ተቀላቅለው አይቆዩም፤ በየጊዜው እየናጥክ ጨምር። አሴቶን ካጣህ ናፍጣና የሞተር ዘይት ቀላቅል፤ ላምባም ይሆናል። ይዘገያል እንጂ ይሠራል።

ማስጠንቀቂያ! አሴቶን እሳት ሲሸተው ይነዳል። ሲጋራ የለም፣ ሻማ የለም፣ እናትህ ከሰል የሚያቀጣጥሉበት ጓሮ ውስጥ አይሆንም። ደጅ፣ ንፋስ ባለበት፣ ክዳን ባለው ብረት ዕቃ። ፕላስቲኩን ስለሚያቀልጠው በማንኛውም ጠርሙስ አትቅዳው።

አሁን ቮልስ ያላችሁ ሁሉ ጆሯችሁን ስጡኝ። ብዙ መካኒክ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በብዙዎቹ መኪኖች ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በካንዴላው ቀዳዳ ያፈሰስከው ዘይት ፒስተኑ ራስ ላይ ይተኛና ዙሪያውን ወደ ፋሻዎቹ ይወርዳል። የቮልስ ሲሊንደሮች ግን የተኙ ናቸው፤ ሁለቱ በቀኝ፣ ሁለቱ በግራ። በካንዴላው ቀዳዳ ብታፈስ ዘይቱ ታችኛውን ጎን ብቻ ያርሳል፤ ላይኛው ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። አንድ ወር ብትጠብቅ ግማሹ ዝገት ከነክብሩ አለ!

ስለዚህ ሞተሩን አውርደው። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የተያዘው በአራት ቡሎን ነው። የባትሪውን ገመድ ንቀል፣ የቤንዚኑን ጎማ ፍታና አፉን ድፈን፣ የጋዙንና የማሞቂያውን ሽቦዎች አላቅቅ፣ ከሥር ክሪክ ደግፈህ ወደ ኋላ ሳበው። ክብደቱ 110 ኪሎ ገደማ ነው፤ ብቻህን አትሞክረው። ለቅዳሜ የቀጠርከው ባለአይሱዙ ጓደኛህ የሚጠቅምህ እዚህ ላይ ነው!

ከወረደ በኋላ ቴስታታዎቹን ፍታ። በግራ ጎኑ አስተኝተህ የቀኝ ሲሊንደሮቹ ወደ ሰማይ እንዲያዩ አድርግና ድብልቁን ሙላ። ጠዋትና ማታ እያየህ ጨምር። ከሦስት አራት ቀን በኋላ ገልብጠህ ሌላውን ጎን እንዲሁ አድርግ። በነጋታው ስታየው የፈሳሹ ልክ ጎድሎ ከተገኘ አትበሳጭ፤ ደስ ይበልህ። በፋሻው በኩል መንገድ አግኝቶ ሊሆን ይችላል። የት እንደገባም አትርሳ፤ ወደ ታች ወደ ሞተር ዘይቱ ወርዷል። ስለዚህ የነበረውን ዘይት ሳትቀይር ያንን ሞተር እንዳታስነሳ!

መወዝወዝ እንጂ መምታት አይደለም

ሳምንት ሞላህ እንበል። አሁን ቶሎ የሚቸኩል ሰው ሁለት ሜትር ቱቦ ቁልፉ ላይ ሰክቶ ይንጠለጠልበታል። አንተ ግን መጀመሪያ በጥጥ ጨርቅ ፈሳሹን ጥረግና ከፒስተኑ በላይ ያለውን የሲሊንደር ግድግዳ እይ። ዝገት ካለበት በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፤ ዱቄቱን ጥረገው። ፒስተኑ ወደ ላይ የሚሄደው በዚያ ላይ ነው፤ ሳታጸዳ ብትገፋው ራስህ ሽብልቅ ታስገባበታለህ።

ከዚያ በ30 ቁልፉ፣ በክንድህ ኃይል ብቻ፣ ወደ ቀኝ... ወደ ግራ... ወደ ቀኝ... ወደ ግራ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ አትግፋ። የምትፈልገው መዞር አይደለም፤ የፀጉር ያህል መነቃነቅ ነው። የመጀመሪያዋ ንቅናቄ ከመጣች ዘይት ጨምርና እደር። በነጋታው ትንሽ ትጨምራለች። እንዲህ እያለ ይከፈታል። የወንድም ጋሼን ቀጠሮ እያሰብክ የመጨረሻውን ጉልበት እንዳታወጣ፤ ብዙ ሞተር የሚሰበረው «ሊላቀቅ ሲል» ነው።

አሁንም እምቢ ካለ? እዚህ ላይ ቮልስ ከሌላው መኪና የተሻለች ናት። በብዙ ሞተር አራቱ ሲሊንደሮች አንድ ብረት ውስጥ የተፈለፈሉ ናቸው። የቮልስ ግን አራቱም እንደ ጣሳ ለየብቻቸው የሚወጡ ናቸው። ያልነከሱትን ሦስቱን ሳብና አውጣ። አሁን ክራንክ ሻፍቱን ስታዞር የነከሰው ፒስተን ሲሊንደሩን ተሸክሞ ከነልብሱ ወደ ውጭ ይንሸራተታል። ያኔ ከሥርም ከላይም ዘይት ታደርስበታለህ። ቢየላውን በጨርቅ ደግፈህ የሲሊንደሩን ጠርዝ ዙሪያውን በእንጨት እየነካካህ ታላቅቀዋለህ። ክንፎቹን ግን አትምታቸው፤ እንደ ብስኩት ነው የሚሰበሩት። የፈላ ውሃ ከውጭ ሲሊንደሩ ላይ ማፍሰስም ይረዳል፤ ሲሊንደሩ ቀድሞ ይሰፋል። እሳት ግን በአሴቶን የራሰ ዕቃ አጠገብ አይታሰብም።

ፊያት፣ ፔጆ፣ ቶዮታ ያላችሁ ደግሞ ማንኳኳት ግድ ከሆነባችሁ በብረት አይሁን። ከወይራ ወይም ከጠንካራ ግራር ከሲሊንደሩ ትንሽ የሚጠብብ ክብ እንጨት አስቀርጹ፤ የፒስተኑን ራስ በሙሉ የሚሸፍን። ፒስተኑ ጫፍ ላይ ወይም ታች መጨረሻ ላይ ከቆመ አታንኳኩት። እዚያ ቦታ ቢየላው ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ምቱ ክራንክ ሻፍቱን አያዞረውም፤ ብሮንዚናውን ብቻ ነው የሚጎዳው። ይህን በዚያን ቀን ደሴ ላይ ባውቀው ኖሮ መዶሻውን ባላቀበልኩ!

ተላቀቀ ማለት ዳነ ማለት አይደለም

ፒስተኑ የወጣ ቀን ሰፈሩ እልል ይላል፤ አንተም ወንድም ጋሼ ዘንድ ትደውላለህ። ቆይ! ገና ነው። ሲሊንደሩን አጽዳና በጥፍርህ ዳስሰው። ጥፍርህ የሚሰናከልበት ጉድጓድ ካለ ያ ሲሊንደር ዘይት ይበላል፣ ጭስ ያወጣል። እድፍ ብቻ ከሆነ ቶርኖ ቤት ወስደህ በማለስለሻ ድንጋይ ማሳሸት ሊበቃው ይችላል። ፋሻዎቹን ግን ቀይር፤ ዓመታት በዝገት የታሰረ ፋሻ ጉልበት የለውም። አዲሱን ፋሻ ለብቻው ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብተህ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ለካ፤ ለላይኞቹ ሁለት ፋሻዎች ከ0.30 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት።

ፒስተኖቹን ስታወጣ ከአንድ እስከ አራት ቁጥር ስጣቸው፤ እያንዳንዱ ወደ መጣበት ይመለስ። ራሳቸው ላይ ቀስት አለ፤ ቀስቱ ወደ ቮላኖው ማየት አለበት። ሲሊንደሩ ከተበላ ደግሞ አትደንግጥ፤ ለቮልስ አራቱ ሲሊንደር ከነፒስተኑና ከነፋሻው በአንድ ካርቶን እስከ ዛሬ አዲስ እየተመረተ ይሸጣል። አዲስ አበባ ያለው ወንድምህ ከተስማማ መፈለጉ የሱ ሥራ ይሁን።

ከተገጠመ በኋላ ቫልቮቹን ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ አስተካክል፣ ሁለት ሊትር ተኩል አዲስ ዘይት ሙላ፣ ካንዴላ ሳትገጥም በእጅህ ሁለት ሙሉ ዙር አዙረው። ካልተሰናከለ በሞተሪኖው አዙረው፤ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ። ካንዴላ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሲነሳ ጓሮው በጭስ ይሞላል፤ ያፈሰስከው ዘይት ነው፣ አትፍራ። እየቆየ ሲሄድ ካልጠፋ ያኔ ፍራ።

ለወንድም ጋሼ

አሁን ወደ ከባዱ። እውነቱን ልንገርህ ወንድሜ፣ ይህ ሁሉ የሚሳካው ሁልጊዜ አይደለም። ስትከፍተው ክራንክ ሻፍቱም ዝጎ፣ ቤቱም ተበልቶ ልታገኘው ትችላለህ። ያኔ ያጠራቀምካትን ሁሉ እዚያ ሞተር ላይ አታፍስስ። ሞተር ማለት መኪናዋ አይደለችም፤ የቮልስ ሞተር በአራት ቡሎን ወርዶ በሌላ የሚተካ ነው። ዳር ድንበሩን አስቀድመህ ለራስህ አበጅለት፦ «ይህን ያህል ቀን፣ ይህን ያህል ብር»። ከዚያ በላይ እልህ ነው።

ለወንድም ጋሼ ደግሞ እንዲህ በላቸው። ይህን ጋዜጣ ብትሰጣቸውም ቅር አይለኝም። ጋሼ፣ ቮልስ ተራ ቁርጥራጭ ብረት አይደለችም። በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነው፤ ለዚህ አገር ሰው መኪናዋ የታሪክም አካል ናት። የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው ፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ነው፤ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ አበቃች፤ ሌላ አትመጣም። በዚያ ላይ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። አገር ውስጥ ያለች፣ ሰሌዳና ሊብሬ ያላት አሮጌ መኪና በኪሎ የምትሸጥበት ጊዜ አይደለም። የምትሸጥ ከሆነ እንኳ የምትንቀሳቀስ መኪና ዋጋና የብረት ዋጋ ለየቅል ነው።

ሌላም አለ። ሊብሬው በአባታችሁ ስም ነው። ፍርድ ቤት ቀርባችሁ የወራሽነት ማረጋገጫ ሳታወጡ አንተም ሆንክ ወንድምህ ብቻችሁን ልትሸጧት አትችሉም። እናታችሁም መብት አላቸው። እንግዲህ እሷን ለመሸጥም ሆነ ለመንዳት ሦስታችሁ አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጣችሁ አይቀርም። ለምን አሁኑኑ አትጀምሩትም?

እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ምን አደርጋለሁ መሰለህ? ወንድም ጋሼን «አትሽጥብኝ» ብዬ አልከራከርም። «ሦስት ሳምንት ስጠኝ፤ አንተ ፋሻ ፈልግልኝ፤ ካልሆነ ሶለል ላይ አብረን እንወስናለን» እላቸዋለሁ። ምናልባት እሳቸውም ያችን መኪና ማየት የከበዳቸው ስለሚጠሏት አይደለም። ትምህርት ቤት ትመላለስበት የነበረችው መኪና እሳቸውንም አመላልሳለች እኮ! አገዳ ለብሳ፣ ጎማዋ በስብሶ ማየቱን አልቻሉት ይሆናል። በአዲስ አበባ ሆኖ «ሽጧት» ማለት ይቀላል፤ ቁልፍ ይዞ አጠገቧ የተንበረከከ ሰው ግን እንደዚያ ማለት ይከብደዋል። ሲመጡ አንዱን ቁልፍ ስጣቸው።

እናትህንም አትርሳ። ገና ሞተሩን ሳታወርድ ዛሬውኑ አገዳውን ከላይዋ አንሳና መኪናዋን እጠባት። ሞተሩ ሳምንት ይፈልጋል፤ እናትህ ግን ልጃቸው ተስፋ አለመቁረጡን ለማየት ሳምንት መጠበቅ የለባቸውም።

ጉዳይህ ከምን እንደደረሰ ከሶለል በኋላ ጻፍልን። ተነሳችም አልተነሳችም ለአንባቢዎቻችን እንነግራቸዋለን። ሌሎቻችሁም ጓሯችሁ የቆመ ነገር ካላችሁ መዶሻ ከማንሳታችሁ በፊት ያችን አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፦ ቆሞ ነው የነከሰው? ወይስ ሲሄድ?

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!